ፌንጣና ጣውንት

ሐይቅ፣ መስከረም 24 ቀን 2018

ይድረስ ለሙአዊያ አባት፣ አምባሰል ላለኸው፤

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ላሚቱ ደህና ናት፣ ጎረቤቱ ደህና ነው፣ የጓሮው ጎመን ደህና ነው። ደህና ያልሆነውን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

«ስደውል ለምን አታነሽም» ብለህ በባድሩ ልከህብኛል። ባድሩም ሚኒባሱን መሀል መንገድ አቁሞ፣ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ እየሰማ፣ «እማማ አሪፋ፣ ጋሽ ጠሃ ስልክ ያንሱ ብለዋል» አለኝ። እሽ ላንሳ። የማንን ስልክ ነው የማነሳው? አንዴ የሂንድ መስሎኝ ባነሳ የሴት ጉሮሮ ሰማሁ። «ቆይ እትዬ፣ አሁን አቀርብልሻለሁ» አለችኝ። ባሌን እሷ ታቀርብልኛለች! እንደ ወጥ በሳህን! እኔ ባሌን ከሰው እጅ አልቀበልም። ደብዳቤ ይሻለኛል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ያቺን ፊደል የቆጠርኳት ለዚህ ቀን ነበር ለካ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሂንድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተምራ ተምራ «ፌንጣ ነው የማጠናው» ስትል፣ ሰው ሐኪም ይሆናል ኢንጅነር ይሆናል፣ የልጄ ልጅ ፌንጣ ሆነች ብዬ ዝም አልኩ። «አምባሰል ወርጄ የወንዶቹን ድምፅ እቀዳለሁ» ስትል ደግሞ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን በሰው አገር ሣር ለሣር አትልም፣ አያቷ ይከተላት አልኩ። ስንቁን የቋጠርኩ እኔ፣ ጋቢውን ያጠብኩ እኔ፣ መኪና ላይ ያሳፈርኩህ እኔ። በገዛ እጄ ሸኝቼ ለምታሳድራችሁ ለዚያች ለኑርሀያት ግቢ አስረከብኩህ።

አደራ የተውሽልኝ ሴቶቹ ፌንጣዎች ደህና ናቸው በላት ለሂንድ። ቀይ ክር የታሰረበት የመረብ ቤት በመስኮቱ በኩል፣ ነጭ ክር የታሰረበት በበሩ በኩል። ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሣር እሰጣቸዋለሁ። «ሁለት ዘር ናቸው፣ እንዳይቀላቀሉ» ብላኛለች። ወላሂ እኔ ሳያቸው አንድ ናቸው። አንድ ቁመት፣ አንድ የደረቀ ሣር መልክ።

አሁን ደህና ወዳልሆነው ልምጣ። ባድሩ ኑርሀያት ግቢ ድረስ ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ስትስቅ እንዳገኘህ ነገረኝ። ዓይንህን እስክትጠርግ። እኔ ከተጋባን ጀምሮ ጥርስህን ያየሁት ስትፍቀው ነው። ምኑ ነው ያሳቀህ? ያቺ ኑርሀያትስ ባሏ ከሞተ ስንት ጊዜዋ ነው? መልክስ አላት? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ባለቤትህ፣ አሁንም ከሆንኩ፣

አሪፋ


አምባሰል፣ መስከረም 30 ቀን 2018

ለሙአዊያ እናት፤

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጎመኑ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

የኔ ስልክ ባትሪው ሞቷል። የሂንድ ስልክ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ይቀዳል። ኔትወርክ ያለው ኑርሀያት ግቢ ካለው ዋርካ ሥር ብቻ ነው፤ ስልክ ያላትም እሷ ናት። ነገሩ ይኸው ነው።

ያሳቀኝ ፌንጣ ነው። ላስረዳሽ። ወንዱ የኋላ እግሩን ክንፉ ላይ እንደ ማሲንቆ ይፈትጋል። አንደኛው ዘር እየቆረጠ ነው የሚለው፤ ጭር፣ ጭር፣ ጭር። ሁለተኛው ሳያቋርጥ ይስበዋል፤ ጭርርርርር። አንድ ሣር ላይ ይኖራሉ፣ አንድ ይመስላሉ፣ ከድምፃቸው በቀር የሚለያቸው የለም። ሴቷ የራሷን ዘር ድምፅ ስትሰማ አጭር መልስ ትመልሳለች። ያን ጊዜ ወንዱ መልሷን ተከትሎ ይመጣል። የሌላው ዘር ወንድ እራሷ ላይ ወጥቶ ቢፈትግ ግን ሣሯን ትበላለች እንጂ ቀና አትልም።

እና ሂንድ የሴቷን መልስ ቀድታ በድምፅ ማጉያ ብታሰማ፣ አንዱ ወንድ ማጉያውን ሊያገባ እየፈተገ ዙሪያውን ይዞር ጀመር። ግማሽ ቀን ሙሉ። ሳቅሁ።

«ተሳስተው ቢጋቡስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። የሚወለደው ልጅ ድምፁ ከሁለቱም አይሆንም፤ ቆራጭም አይደለም ሳቢም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈትግ ይኖራል፣ የምትመልስለት የለችም አለችኝ። አሳዘነኝ።

ስለ ኑርሀያት ለጠየቅሽኝ፣ ግቢዋ ንጹሕ ነው።

የቆሸሸ ልብሴን በባድሩ ልኬያለሁ።

ጠሃ


ሐይቅ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018

ለሙአዊያ አባት፤

ሰላምታውን ባድሩ በቃሉ ይንገርህ፤ እኔ ለሰላምታ የሚሆን ወረቀት የለኝም።

ግቢዋ ንጹሕ ነው! ስለ ሴት ብጠይቅህ ስለ ግቢ ትመልስልኛለህ? አንተን ያወቅሁህ ዛሬ ነው? ቀበሌ ቀርበህ ስምህን ሲጠይቁህ እንኳ የአባትህን ስም ነው የምታስቀድም። መልክ ባይኖራት «ኧረ አስቀያሚ ናት» ትለኝ ነበር፣ እኔም እፎይ ብዬ እተኛ ነበር።

ልብስህ ደረሰ። ዘፈዘፍኩት። ያ ግራጫው ሸሚዝ፣ ኪሱ ተቀዶ የሄደው፣ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቶ መጥቷል። ማን ሰፋው? ሂንድ እንዳትለኝ። ሂንድ መርፌ ስትይዝ ደም ሳታይ አትለቅም፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንተም እንዳትለኝ። የመርፌ ቀዳዳ ይቅርና የመስጊዱን በር በዳበሳ ነው የምትገባው።

ደግሞ ስፌቱን አየሁት። ቶሎ ቶሎ የተወጋ ቢሆን፣ ለሥራ ሰው የምትሰፋ ደግ ሴት ናት ብዬ ባለፍኩ። ይሄ ግን ቀስ ተብሎ ነው የተሰፋው። ሰው እንዳያልቅበት ሲፈልግ የሚሰፋው ስፌት ነው። አውቀዋለሁ፤ እኔም ድሮ እንደዚያ ሰፍቼልሃለሁ። አንድ በአንድ ፈታሁት። ኪስህ እንደ ቀድሞው ተቀዷል፣ መልበስ ትችላለህ።

ባድሩ ሌላም ነገረኝ። ማሽላዋን ስትጠብቅ ታንጎራጉራለች አለ፣ በአምባሰል ቅኝት። አንተ ደግሞ ከሣሩ ውስጥ ሆነህ ትቀበላታለህ አለ። ትቀበላታለህ! እኔ መንዙማ ሳሰማ እንኳ «ጆሮዬን አመመኝ» የምትል ሰውዬ! ወንዱ ይጠራል ሴቷ ትመልሳለች ብለህ ጽፈህልኛል። እናንተ ጋ ተገልብጦ ሴቷ ትጠራለች፣ ሽማግሌው ይመልሳል ማለት ነው። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ፣ ደብቄ የማውቀው ነገር የለም። ትናንት ተነሥቼ ሁለቱን የመረብ ቤት ከፍቼ ፌንጣዎቹን አንድ ቤት አስገባኋቸው። ቀዩንም ነጩንም ክር ጣልኩት። ጣውንት ምን እንደሆነ እነሱም ይቅመሱት አልኩ። እስካሁን አልተጣሉም። ጎን ለጎን ሆነው ሣር ይበላሉ።

ወንድ ስለሌለ ነው።

አሪፋ


አምባሰል፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018

የሙአዊያ እናት፤

ምን አደረግሽ?

ደብዳቤሽን አንብቤ ዋልኩ አደርኩና ለሂንድ ነገርኳት። ዋርካው ሥር ቁጭ አለች። እነዚያን ሴቶች ከክረምት ጀምራ ከጫጩትነታቸው ነው ያሳደገቻቸው፤ ወንድ እንዳያገኛቸው፣ ሌላ ዘር እንዳይነካቸው። በዓይን የሚለያቸው ሰው የለም፣ አስተማሪዋም ቢመጣ አይለያቸውም። ካልተለዩ የዓመቱ ሥራ ሄደ። ሌላ ሣር እስኪበቅል፣ ሌላ ክረምት እስኪመጣ ልትጠብቅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እስከዚያ ይጠብቃት አይጠብቃት አታውቅም።

«እማዬ ባትሆን አለቅስ ነበር» አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ሳትዘገዪ በባድሩ ላኪያቸው። ጋቢና ይቀመጡ። ፀሐይ እንዳይመታቸው።

የክሩን ነገር ስመጣ በአፌ እነግርሻለሁ።

ጠሃ


ሐይቅ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018

ይድረስ ለእርስዎ፣ ለአቶ ጠሃ፤

ፌንጣዎቹን ልኬያለሁ። እርጥብ ጨርቅ አልብሻቸዋለሁ፣ ሣር ጨምሬላቸዋለሁ፣ ለባድሩም «አንዷ ብትሞት ካንተ ራስ አልወርድም» ብዬዋለሁ። ጋቢና የሚቀመጠውን ተሳፋሪ አስነሥቶ እነሱን አስቀመጠ።

ለሂንድ የሚከተለውን ይንገሩልኝ። ልጄ፣ ዓይኔ ይጥፋ። ደብዳቤው ከደረሰኝ ጀምሮ ያን ቤት ፊት ለፊቴ አድርጌ ስለያቸው ዋልኩ። ይቺ ቀይ ናት እላለሁ፤ ዞር ብዬ ስመለስ ነጭ ትመስለኛለች። አንዷ ስትዘል «የመስኮቷ ነሽ አይደል?» እላታለሁ። አትመልስልኝም። በጣውንቴ ላይ የወረወርኩት ድንጋይ አንቺን ነው የመታሽ። አላህ ይየው፣ አንቺን ብዬ አልነበረም። ሥራሽ ከጠፋ ሸንኮራም ሸጬ ቢሆን እንደገና አስተምርሻለሁ። አፉ በይኝ።

ይቅርታው ለእሷ ነው። ለእርስዎ የተረፈ የለኝም። የክሩን ነገር ስመጣ በአፌ ብለዋል። ንጹሕ ነገር በወረቀት ይጻፋል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

አሪፋ ነኝ


አምባሰል፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018

ለሙአዊያ እናት፤

አሰላሙ አለይኪ። የዘገየሁት የሚነገር ነገር እስኪገኝ ነው። አሁን ተገኝቷል፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ።

ፌንጣዎቹ ሁሉም በሕይወት ደረሱ። ሂንድ እያንዳንዷን ለብቻዋ አስቀመጠችና የወንዶቹን ድምፅ ማሰማት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቆራጩን፣ ቀጥሎ ሳቢውን። አንዷም አልመለሰች። በማግስቱም አልመለሱም። «መንገዱ አበላሻቸው» አለች፣ እህልም አልቀመሰች። በኋላ ራሷው አስባ አስባ ደረሰችበት። እሷ የምታሰማቸው ቀትር ላይ የተቀዳውን ነው። ጠዋት ግን እዚህ ጉም ነው፣ ይበርዳል። ፌንጣ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሲበርደው ይዘገያል፤ የሴቷም ጆሮ እንደዚያው ነው። የበረዳት ሴት የሞቀውን ወንድ ድምፅ የራሷ ዘር ቢሆንም እንኳ አታውቀውም።

ፀሐዩ እስኪወጣ ጠበቅን። ሞቃቸው። ቆራጩን ስታሰማ አንዷ መለሰች። ጢቅ አለች፣ በቃ። ቀጥላ ሳቢውን ብታሰማት ዝም። ሌላዋ ደግሞ ለቆራጩ ዝም፣ ለሳቢው ጢቅ። እንደዚያ እያለች ሁሉንም ለየቻቸው። አንድ ቤት ከርመው፣ አንድ ሣር በልተው፣ አንዷም ለሌላዋ ዘር አልመለሰችም። ሂንድ ዘለለች። ይሄንንም በጥናቴ ውስጥ አስገባዋለሁ አለች። ያንቺን ስም ታንሣ አታንሣ አላውቅም።

አሁን ሌላውን ልጻፍ። ክሩ የኑርሀያት ነው። የሰፋችው እሷ ናት። ሸሚዙን አውልቅ አለችኝ፣ አወለቅሁ፣ ሰፋች።

ትናንት ከጁምዓ ስንወጣ ሼህ ኢምራንና ሁለት የመንደሩ ሽማግሌዎች ወደ ጥላው ወሰዱኝ። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፣ መሬቷን የሚያርስላት የለም፣ አንተን ደግሞ ወዳሃለች፣ ሸሪዓውም አይከለክልህም አሉኝ። የልጆችህን እናት ጠይቀህ ፈቃዷን አምጣ አሉኝ። እኔም እጠይቃታለሁ አልኳቸው።

ምን ልበላቸው?

ጠሃ


ሐይቅ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018

ጠሃ፤

የሂንድን ነገር ስሰማ መሬት ስሜያለሁ። አልሃምዱሊላህ። እሱን እዚህ ላይ ዘጋሁት።

ምን ልበላቸው አልክ። ይቺን አንብቤ ወረቀቱን ወረወርኩት። መልሼ አነሣሁት። አሁንም እዚያው ተጽፋለች።

ያጠፋኸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? መጠየቋ አይደለም። ሴት ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ሸሚዝ የሚያወልቅላት ሽማግሌ አገኘች። እኔም በቦታዋ ብሆን እሰፋ ነበር። ሽማግሌዎቹም ሥራቸው ነው፣ ሽማግሌ ምን ሥራ አለው። አንተ ነህ። ተጠራህ። እዚያው ቆመህ ወይ እሽ ወይ እምቢ ማለት ስትችል ጥሪውን ይዘህልኝ መጣህ፤ እንደ ቆሻሻ ልብስህ በባድሩ መኪና ጭነህ፣ አሪፋ ትጠበው ብለህ።

እምቢ ብል አምባሰል ሙሉ «ምስኪኑ ጠሃ፣ ሚስቱ ክፉ ናት» ይላል። አንተ ደግ ሰው ሆነህ፣ ኑርሀያትም ላንተ እያዘነች፣ ማሽላዋ ላይ ስታንጎራጉርልህ ልትኖር ነው። እሽ ብል ጣውንቴን በገዛ አፌ ጠራሁ። ወጥመዱን አንተ ሠርተህ በሁለቱም በኩል የኔን እግር አስገባህበት። ያቺ ፌንጣ እንኳ ሌላ ዘር ሲጠራት «ቆይ ጎረቤቴን ልጠይቅ» አትልም!

ቀናተኛ ናት ይሉኛል። አዎ ነኝ። ሚኒባሱን አስቁመህ ጮክ ብለህ ንገርልኝ። በክሩ ቀንቻለሁ፣ በዋርካው ቀንቻለሁ፣ ፌንጣው ሊያገባው በዞረው ማጉያ እንኳ ቀንቻለሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሳቁ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬህ ስኖር ይህ ሰውዬ ሳቅ አልፈጠረበትም፣ ምን ይደረግ፣ ብዬ ተቀብዬ ነበር። አንተ ግን ነበረህ። ነበረህና ለኔ አላወጣኸውም። ድርሻዬን ሄደህ ለሰው አበላህብኝ።

ደግሞ የብርዱንና የሙቀቱን ነገር ገብቶኛል። እኔ እዚህ በንዴት እየነደድኩ ስጽፍልህ፣ አንተ እዚያ ጉም ውስጥ ተቀምጠህ «ግቢዋ ንጹሕ ነው» ትለኛለህ። እንዴት አድርጌ ልስማህ?

ስማ እንግዲህ። ከፈለግካት ፈልጌያታለሁ በለኝ። ያን ጊዜ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ፣ አንተ አትጨነቅ። ካልፈለግካት ሽማግሌ ሳትልክ፣ ባድሩን ሳትልክ፣ ራስህ ሄደህ ፊት ለፊቷ ቆመህ «አልፈልግም» በላት። «አሪፋ ከለከለችኝ» ካልክ ግን እዚያው ቅር። የባድሩ አንደበት በየቤቱ ይደርሳል፤ ብትላት ሳልሰማ አልቀርም።

አሪፋ


አምባሰል፣ ኅዳር 1 ቀን 2018

አሪፋ፤

ደብዳቤሽን ይዤ ማሽላው ዳር ስዞር ሰነበትኩ። እውነትሽን ነው።

አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፈለገኝ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ዝም የምለው ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው፤ ለካ ይነቅዛል። ሽማግሌዎቹ ፊትም አንቺን ያነሣሁት እምቢ የምትዪው አንቺ እንድትሆኝ ብዬ ነው። ሰው ማስቀየም እፈራለሁ። አንቺን ግን ፈርቼ አላውቅም፣ ስለዚህ አንቺን አስቀየምኩ።

ራሴው ሄድኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ማሽላዋን ትቆርጥ ነበር። «ኑርሀያት፣ ደግ ሰው ነሽ፣ እኔ ግን አልፈልግም» አልኳት። «አሪፋ ናት?» አለችኝ። «አይደለችም፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ፈቃድ ብትሰጥህስ?» አለችኝ። «ብትሰጠኝም አልፈልግም» አልኳት። ማጭዷን አስቀመጠችና አለቀሰች። እኔም ቆሜ ቆየሁ፣ ከዚያ ሄድኩ። ለሼህ ኢምራንም በአፌ ነግሬዋለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምናድረው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ሂንድ ሥራዋን ጨርሳለች። ሐሙስ በባድሩ መኪና እንመጣለን። ብታስገቢኝ።

ጠሃ


ሐይቅ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018

ለሙአዊያ አባት፤

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ ባድሩ ሳይነግረኝ በፊት እኔው አነበብኩት፣ ሦስት ጊዜ። «ብትሰጠኝም አልፈልግም» ያልካትን ለብቻዋ ደግሜ አነበብኳት። ያቺ መልካም ናት። እሷን ማን አስተማረህ?

ግን «አለቀሰች» ብለህ ለምን ትጽፍልኛለህ? እምቢ አልኳት ብለህ ብትዘጋው ምን ነበረበት? አለቀሰች ካልክ ፊቷን አይተሃል ማለት ነው። ቆሜ ቆየሁ ብለሃል ደግሞ። ምን ያህል ነው የቆየኸው? ምን ስታይ? ማሽላዋን የሚያጭድላት ሰው ካጣች ሙአዊያን ልኬ አሳጭድላታለሁ፣ እኔም አንድ ቀን ሄጄ አያታለሁ፣ ከሴት ለሴት የምንነጋገረው አለን። አንተ ግን ከእንግዲህ እንባዋን ይዘህልኝ እንዳትመጣ።

ሂንድ ከፊት ትቀመጥ፣ መንገዱ ያጥወለውላታል። አንተ ከኋላ።

ሐሙስ ና። አስገባሃለሁ። ገና አልጨረስኩም ግን።

አሪፋ